ሁለት ቀይ፣ አንድ ግድግዳ

ባለቤቴ ሁለቱን የቀለም ካርዶች ግራና ቀኝ ይዞ ትንሽ አያቸውና «ይሄም ቀይ ነው፣ ያኛውም ቀይ ነው። ምኑ ነው የሚመረጠው?» ብሎ ወደ ኳሱ ተመለሰ። አልፈረድኩበትም። ካታሎጉ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ቀለሞች ናቸው። አፍጥጦ ላየ ሰው አንደኛው ወደ ሸክላ ያደላል፣ ሌላኛው ወደ ወይን ጠጅ። የፋብሪካ ቁጥራቸው ለአፍ ስለማይመች ቤት ውስጥ «ሸክላው» እና «ወይኑ» እያልኩ ነው የምጠራቸው። እዚህም እንደዚያው እቀጥላለሁ።

የሚቀባው አንድ ግድግዳ ነው፣ ከሶፋው ጀርባ ያለው። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ታውቁታላችሁ፤ ሶፋ፣ ቡፌና የምግብ ጠረጴዛ ከገባበት በኋላ የሚተርፈው መተላለፊያ ብቻ ነው። አራቱንም ግድግዳ ቀይ ማድረግ የማይታሰብ ነው። አንዱ ግን አምሮኝ ከረመ። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ60።

ቀይ ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ የእማዬ ጣጣ ነው። እማዬ ሐረር ነው ያደገችው። ጎረቤቶቻቸው ሐረሪዎች ነበሩና ልጅነቷን ግማሹን ያሳለፈችው እነሱ ቤት ነው። የሐረሪን ቤት ያየ ያውቃል። ሳሎኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ወለሉና መደቦቹ በቀይ አፈር የተለሰኑ ናቸው። ቀዩ በ1879 ዓ.ም በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማሰብ ነው ይባላል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ስፌቱ ይደረደራል። እማዬ ስታገባ ይዛቸው ከመጣችው ስፌቶች የተረፉት አሁን እኔ ጋ ናቸው። እኔ ነገሩን ገለበጥኩት፤ ቀዩን ከወለሉ ወደ ግድግዳው አወጣሁና ስፌቶቹን እላዩ ላይ ልሰቅል አሰብኩ።

እንግዲህ የትኛው ቀይ?

ካርድ ላይ መምረጥ እንደማይቻል ገና ሱቅ ውስጥ ሆኜ ገብቶኛል። ካርዷ ሁለት ጣት ታክላለች። ያው ቀለም አስር ካሬ ሜትር ላይ ሲሰፋ በጣም ይበረታል። በዚያ ላይ ካርዷ ዙሪያዋን ነጭ ወረቀት ነው፤ በነጭ የተከበበ ቀለም ደግሞ ከእውነተኛው ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ፓሪስ ውስጥ በጎብለን የሽመና ተቋም የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ፣ «ጥቁሩ ክር አልጠቆረም» የሚል አቤቱታ ይመጣለታል። ክሩን ቢመረምረው እንከን አጣበት። ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነበር። ይቺን ታሪክ ያዙልኝ፤ ስፌቶቹ ጋ ስንደርስ ትጠቅመናለች።

ስለዚህ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አስበጥብጬ ወደ ቤት መጣሁ። ለምን ግድግዳው ላይ አልቀባሽም የሚል ይኖራል። ግድግዳ ከቦታው አይንቀሳቀስም። እኔ ደግሞ ቀለሙን መስኮቱ አጠገብ፣ ጥጉ ላይ፣ ከቡፌው ጎን፣ ከሶፋው በላይ እያዞርኩ ማየት ፈልጌ ነበር። የፓስታ ካርቶን ዘርግቼ መጀመሪያ ነጭ ቀባሁት፤ ያለዚያ የካርቶኑ ቡናማ ቀለም ከሥር እየወጣ ያሳስታል። ከዚያ ሁለቱንም በየካርቶናቸው እስከ ጠርዙ ድረስ ደጋግሜ ቀባኋቸው። ነጭ ጠርዝ አልተውኩም፣ የሼቭረል ነገር ነው። እርጥብ እያሉ ደግሞ ምንም መፍረድ አይቻልም። ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሆኖ ፈካ ይላል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል። ማታ ቀብቼ ጠዋት ሳያቸው ሁለቱም ሌላ ሆነው ነው ያገኘኋቸው።

ጠዋት ላይ ወይኑ አሸነፈ። ምንም አያጠያይቅም። መስኮታችን ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ፀሐዩ ቀጥ ብሎ ከሶፋው ጀርባ ያርፋል። በዚያ ብርሃን ሸክላው ወደ ብርቱካን ሸሸ። ወይኑ ግን ጥልቅ ሆኖ፣ ድምቅ ብሎ ቆመ። እኔም ልቤ እዚያው ቀረ።

በነገራችን ላይ ስለ መስኮት አቅጣጫ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈውን ምክር እዚህ አገር እንዳለ አትውሰዱት። «መስኮትዎ ወደ ሰሜን ከሆነ ብርሃኑ ቀዝቃዛ ነው» ይላል ሁሉም። ለእነ ለንደን የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ታልፋለች፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። እኛ ጋ የሰሜን መስኮትም ፀሐይ የሚያይበት ወራት አለው ማለት ነው፤ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ።

ወደ ቀዩ ልመለስ። ቀን ቀን ሁለታችንም ሥራ ነን። ልጁ ትምህርት ቤት ነው። ሳሎኑ ውስጥ በደንብ የምንቀመጠው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። የጠዋቱን ውበት የምታየው ሠራተኛችን ብቻ ናት። ስለዚህ ካርቶኖቹን ሶፋው ላይ አቁሜ ምሽቱን ጠበቅኩ።

መጀመሪያ የመጣው ድንግዝግዙ ነው፣ መብራት ከመብራቱ በፊት ያለው ጊዜ። በዚያች ሰዓት ሁለቱም ቀዮች ጠቆሩ። ሶፋው ላይ ያሉት ሰማያዊ ትራሶች ግን ጭራሽ ፈክተው ታዩኝ። የዓይኔ ችግር መስሎኝ ነበር፤ የሁሉም ሰው ዓይን እንደዚያ ነው። ብርሃን ሲያንስ ዓይን ለቀይ ያለው ስሜት ቀድሞ ይደክማል፣ ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ያለው ይቆያል። ፑርኪንዬ የሚባል የቼክ ሐኪም ከ200 ዓመት በፊት አስተውሎታል፤ ነገሩም በስሙ ይጠራል። ቀይ ግድግዳ ያለው ሰው መብራቱን ከሌላው ቀድሞ ማብራቱ አይቀርም።

አበራሁት። ያኔ ነው ባለቤቴ ቡናውን ይዞ ሲያልፍ ቆም ብሎ «ይሄኛው ደግሞ ለምን ቡኒ ሆነ?» ያለው። ጣቱን የቀሰረው ወደ ወይኑ ነው። ሁለቱም አንድ ናቸው ያለው ሰውዬ!

ልክ ነበር። ጠዋት ያ ሁሉ ግርማ የነበረው ቀለም የከረመ ጉበት መስሏል። ሸክላውም ደብዘዝ ብሏል፣ ግን አሁንም ቀይ ነው። ጥፋተኛው አምፖሉ ነው። የእኛ ሳሎን አምፖል፣ እንደ ብዙው ቤት፣ ነጩ ኤልኢዲ ነው፤ ማሸጊያው ላይ 6500 ኬልቪን ይላል። ኬልቪን የብርሃኑን ቀለም የሚናገር ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ወደ ቢጫ፣ ሲበዛ ወደ ነጭ ያደላል። እንዲህ ያለው አምፖል ውስጥ ያለው ቺፕ የሚያወጣው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ላዩ ላይ ያለው ፎስፈር የሚባል ቅብ ከፊሉን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ለዓይን ነጭ ይሆናል። ቀይ ብርሃን ግን በመሃል አንሷል። ግድግዳ የራሱ ብርሃን የለውም። ቀይ ካላገኘ ከየት አምጥቶ ቀይ ይመልስልናል?

የአምፖል ማሸጊያ ላይ «ሲአርአይ 80» የሚል አይታችሁ ይሆናል። አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካ ቁጥር ነው፣ ጣሪያው 100። እኔም 80 ካለ ምን ችግር አለው ብዬ ነበር። ቁጥሩ የሚወጣው ከስምንት ለስላሳ ቀለሞች አማካይ ነው። ደማቁ ቀይ ዘጠነኛው ነው፣ አማካዩ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አምፖሉ 80 አግኝቶ ቀይ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ የሚወድቁትም እዚያው ላይ ነው። ለነጭ ወይ ለክሬም ግድግዳ ግድ የለም። ለቀይ ግን ነገሩ ሁሉ ይሄ ነው።

በማግስቱ ቢጫውን አምፖል ገዛሁ፣ 2700 ኬልቪን የሚለውን። ሲበራ ፍርዱ እንደገና ተገለበጠ። ወይኑ ነፍስ ዘራ፤ እንዲያውም ከጠዋቱም በላይ አማረ። ሸክላው ወደ ጡብ ሄደ። መብራት በጠፋባት ምሽት ደግሞ በሻማ አየኋቸው፤ ሸክላው የበለጠ ብርቱካን፣ ወይኑ ሙልት ያለ ቀይ። ለካ እኔ ስመርጥ የነበረው ቀለምና አምፖሉን በአንድ ላይ ነው። ወይኑን ከፈለግኩ ነጩ አምፖል ከሳሎኑ መውጣት አለበት።

ነጩ ደግሞ አይወጣም። ልጁ የቤት ሥራውን የሚሠራው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ባለቤቴም ደብተሩን የሚያየው እዚያው ነው። ቢጫውን አምፖል እዚያ ላይ ስሰቅለው ሁለቱም «ኧረ አይታይም!» አሉ። ተደራደርን። ከጠረጴዛው በላይ ነጩ ይቀራል፣ ከሶፋው ጎን ባለው መብራት ላይ ቢጫው ይገባል። ግድግዳው እንግዲህ እንደ ምሽቱ ሁኔታ ሁለቱንም ብርሃን ያያል ማለት ነው። ሸክላው ሁለቱንም ይችላል። ወይኑ አንዱን ብቻ።

እህቴ ዱባይ ናት፤ እሷም ድምፅ ትስጥ ብዬ ፎቶ ላክሁላት። «ሁለቱም ብርቱካን ናቸው፣ ሶፋውን ግን ቀይሪው» አለችኝ። ቀይ ቀለምን በስልክ ፎቶ መላክ ከንቱ ድካም ነው። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ያስተካክላል፤ ደማቅ ቀይ ሲበዛበት ደግሞ ልዩነቱን ሁሉ ጨፍልቆ አንድ ያደርገዋል። ወንድ ልጅ እንኳን ያየውን ልዩነት ስልኬ አላየውም።

ቀለም ቀቢው ሲመጣ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ የጨረሱ ሰው ናቸው። ካርቶኖቹን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና የሁለቱን የማሽን ወረቀት ጠየቁኝ። ሱቁ ሲበጠብጥ ጣሳው ላይ የሚለጥፋት ወረቀት አለች፣ የትኛው ቀለም ስንት እንደገባ የምትናገር። ሸክላው ላይ ያለው በዋናነት ቀይ ኦክሳይድ ነው። ወይኑ ላይ እሱ የለም።

«ይሄ ያደክመናል ልጄ» አሉ ወይኑን። «አይሸፍንም።»

የሚሸፍነው ምን እንደሆነ ካወቃችሁ ነገሩ ግልጽ ነው። ብዙው ቀለም ውስጥ ከሥር ያለውን የሚደብቀው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ነጭ ዱቄት ነው። ጥልቅ ቀይ ውስጥ ይሄ ዱቄት በብዛት አይገባም፤ ከገባ ቀዩ ሮዝ ይሆናል። ስለዚህ ደማቅ ቀይ የሚበጠበጠው ነጭ በሌለበት ቤዝ (ማቅለሚያው የሚጨመርበት መነሻ ቀለም) ላይ ነው፣ ማቅለሚያዎቹ ራሳቸው ደግሞ ብርሃን አሳላፊ ናቸው። ሁለት እጅ ብትቀቡት የሮለሩ መንገድ ይቆጠራል። ሦስትም አራትም ሊጠይቅ ይችላል። ቀይ ኦክሳይድ ግን ከብረት ዝገት ጋር አንድ ዘር ነው፣ ድፍን ነው፣ ፀሐይም አያነጣውም። አንቲረስት ቀዩን ቀለም ያገኘው ከዚሁ ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የዛሬ 40 ሺህ ዓመት ገደማ ሰዎች ይሄንኑ ቀይ ድንጋይ ይፈጩ እንደነበር ተመራማሪዎች ደርሰውበታል፤ ከዋሻው የወጣው ቀይ ድንጋይ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያ ሁሉ ዘመን አልፎም ቀይ ነው። የእኔ ግድግዳ በየጠዋቱ ፀሐይ ይመታዋልና ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ደህንነት አንድ ነገር ብቻ። ልጅ ያለበት ቤት ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ የዘይት ቀለም ስትገዙ ጣሳውን አንብቡ። በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ውስጥ የእርሳስ (የመርዛማው ብረት) ውህድ መጠቀም የቆየ ልማድ ነው። አገራችን ለቀለም ያስቀመጠችው የእርሳስ ጣሪያ 90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን ክፍል 90 ነው።

እማዬ የመጣችው እሑድ ነው። እሷ ሐረርን አስታውሳ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሸክላውን ትመርጣለች ብላችሁ ከሆነ አታውቋትም። ወይኑን አየት አድርጋ «ይሄ የሆቴል ነው» አለች። ሸክላውን አየችና ምንም አላለችም። ከዚያ ተነስታ ስፌቶቹን ከቡፌው አወጣችና አንድ በአንድ ካርቶኖቹ ላይ አስደገፈቻቸው።

እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ። የስፌቶቹ ቀይ ራሱ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ መሃል መሃሉ ላይ አረንጓዴና ጥቁር አለው። ወይኑ ላይ ሲደገፉ ቀያቸው ከግድግዳው ጋር ተዋሐደና ጠፋ፤ የቀረው አረንጓዴው ብቻ ነው። ሸክላው ላይ ግን የስፌቱ ቀይ ብቻውን ወጣ፣ ጠርዙ ሳይቀር ተለየ። ያ የፓሪሱ ጥቁር ክር ማለት ይሄ ነው። ቀለሙን ለብቻው ስንት ቀን ባፈጥበት ይህን አላይም ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለብቻው ከሆነ አሁንም ወይኑ ይበልጣል። ቢጫ መብራት ብቻ ያለው መኝታ ቤት ቢሆን ዓይኔን አላሽም ነበር። ሳሎኑ ግን የቤት ሥራውም፣ ነጩ አምፖልም፣ የጠዋት ፀሐይም፣ ስፌቱም ያለበት ነው።

ቅቡ ላይ ብዙ የሚወራ የለም። ጋሼ ስቱኮውን አስተካክለው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ከሥር ነጭ ሳይሆን ግራጫ መቱት። ቀይ ከነጭ ይልቅ ግራጫ ላይ ቶሎ ይሞላል። ሁለቱን ጣሳ ቀለም በአንድ ባልዲ ደባልቀው ነው የጀመሩት፤ ማሽኑ አንድ ቁጥር ሰጥቶት እንኳ ጣሳና ጣሳ ትንሽ ሊለያይ ስለሚችል፣ ግማሹ ላይ ሲደርሱ ቀለሙ እንዳይቀየርባቸው። ጨርሶ የማያብረቀርቀውን ዓይነት ብንቀባ ሰው ትከሻውን ባሳረፈበት ቁጥር ጠቃጠቆ ሊይዝ ነው፤ የሚያብረቀርቀውን ብንቀባ ደግሞ የጠዋቱ ፀሐይ የግድግዳውን ጎርባጣ ሁሉ ሊያሳጣን ነው፣ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ቀጥ ብሎ አያውቅም። መሃለኛውን ወሰድን። ይሄም ቀለሙን ይነካዋል፤ ያው ቁጥር ሲያብረቀርቅ ጠለቅ፣ ሳያብረቀርቅ ገርጣ ብሎ ይታያል። ሙከራችሁን የምትቀቡበት ዓይነትና ግድግዳውን የምትቀቡበት ዓይነት አንድ ይሁን።

የማሽኑን ወረቀት አትጣሉ። እኔ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ቁጥሩንም ጣሳው ክዳን ላይ በማርከር ጽፌዋለሁ። የተረፈውን ቀለም ክዳኑ በደንብ በሚጠብቅ የብርጭቆ ዕቃ ገልብጬ አስቀመጥኩት፣ አየር የያዘ ግማሽ ጣሳ ቶሎ ይደርቃል። ልጁ ኳሱን ግድግዳው ላይ ካላሳረፈ እንቅልፍ አይወስደውም። እስካሁን ያበላሸውን በትንሿ ሮለር ነው ያስተካከልኩት። በብሩሽ ብትነካኩት የብሩሹ መስመር ከሩቅ ይለያል።